ሦስት ሰው ያለበት አገር

እሑድ ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ

ደብተሬ፣ ቆሜ ነው የምጽፍብህ፣ ፊደሉ ቢጣመም ታገሰኝ። አውቶቡሱ ከሰፈራችን ከኔቬ ያዕቆብ ሞልቶ ነው የተነሳው። የሚያሳስበኝ፦ ጉልበቴ። የሚስቴ የአልማዝ ደም ግፊት። ልጄ ዮናታን። እንደገና ዮናታን።

ት/ቤት ለነሱ ክፍል ጥያቄ ሰጥተዋቸዋል። ትልቅ አገር ይሻላል ወይስ እያንዳንዱ ከተማ ለራሱ መንግሥት ቢሆን? እራት ላይ ተከራከርን። እኔ ከተማ ይሻላል አልኩ። አነስ ሲል ሰው ይተዋወቃል፣ የሚተዋወቅ ሰው አይተኳኮስም። ልጄ ሳቀብኝ። ሰው ሲፈጠርም ጠበኛ ነው ይላል፣ ግማሹን በዕብራይስጥ። አገሩ ትንሽም ሆነ ትልቅ በር የሚጠብቅ ያስፈልጋል። የቱን በር እንደሚል ገብቶኛል። ክራቪ መሆን ነው የሚፈልገው፣ ግንባር የሚገባ ወታደር። አንድያ ልጅ ስለሆነ ያለ እናትና አባቱ ፊርማ አይወስዱትም። አልማዝ አልቅሳ ፈርማለች። የኔ ቀርቷል።

ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ጉድ ሆንኩ። ደረጃ ላይ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፣ ለክራቪው። ዮናታን ለጓደኞቹ ሁሉ አባቴ ፈቀደ ብሏል። ጠየቅኩት። እሺ አላልከኝም? አለ።

ብያለሁ። እኛ ጎንደሮች እሺ ስንል ሰማሁህ ማለታችን ነው። ለሰው ፊት ለፊት እንቢ አይባልም፣ እሺ ይባላል፣ ከዚያ ነገሩ ይቀራል። እዚህ የተወለደ ልጅ ይሄን ከየት ያውቀዋል። አልማዝ ስንት ዓመት እሺ ስትለኝ ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል ብላ አሾፈችብኝ። አልሳቅኩም። ልጁም አልሳቀም።

«ታዲያ አባ፣ አይሆንም በምን ቋንቋ ነው የምትለው?»



ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት፣ የኢትዮጵያ መንገድ

የማጸዳውን ግቢ ጨርሻለሁ። እማሆይ አለፉ፣ እዚሁ መንገዱ ላይ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ያሉት የጎንደር መነኩሴ። ሃይማኖታችን ለየቅል፣ እኔ አይሁዳዊ እሳቸው ክርስቲያን፣ አገራችን አንድ። ስለ ትንሽና ትልቅ አገር ሐሳቤን ነገርኳቸው፣ ይደግፉኛል ብዬ። ሳቁ። ሁለት ሴት አንድ ክፍል አስገባና አንድ መስኮት ስጣቸው አሉኝ፣ አንዷ ክፈቺው ትላለች፣ አንዷ ዝጊው። ክፍሉ ሰፍቶ ነው የተጣሉት?

ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጄ፣ ምን ፈርተህ ነው አገር የምታጠብበው?»

የልጄን ነገር ነገርኳቸው። አልመከሩኝም። እግዜር ይጠብቀው ብለው ቀስ እያሉ ሄዱ። ምክር ቢሰጡኝ በተሻለ።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ

ቤታችን ሦስት ሰው ያለበት አገር ነው። ከዚህ የሚያንስ የት አለ? እንተዋወቃለን። ግን ከማክሰኞ ወዲህ እኔና እሱ ጨው አቀብለኝ እንኳ አልተባባልንም። እሱ ረታኝ። ሰው ጠበኛ ነው፣ በርም ጠባቂ ይፈልጋል። የኔ ልጅ ካልቆመ የሌላው ልጅ ይቆማል። ይሄን አውቃለሁ። አፍሬአለሁ።

ቅድም ጠራሁት። አይሆንም፣ አልፈርምም አልኩት። በአማርኛም፣ በዕብራይስጥም። ፈሪ ነህ አለኝ። ነኝ አልኩት። ክፍሉ ገባ። በሩን እንኳ አላጋጨውም፣ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ያ ነው የከበደኝ።

አልማዝ ሂድና አባብለው ትላለች። አልሄድም። ዛሬ ካባበልኩት ነገ እፈርማለሁ።

አልፈርምም። ይጥላኝ። በሕይወት ኖሮ ይጥላኝ።