ስለ «ብርታት ዱቄት» የጤና ማረጋገጫና ስለ ሠላሳ አንድ ሰው እግር

ላሊበላ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሙሉሃብት፣
የአዲስ ምግቦች መርማሪና አጽዳቂ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም እንደ ወጉ ለአፍ ያህል ሳይሆን ከልቤ ነው፤ ወገብዎ እንዲጸና፣ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎ፣ ባትዎ እንዳይኮማተር፣ ተረከዝዎ መሬት እንዲረግጥ እመኛለሁ። በዚህ ዓመት በእኛ አገር ሰላምታ እንዲህ በየመገጣጠሚያው ተዘርዝሮ የሚሰጥ ሆኗል፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ።

እኔ አረጋ ገብረመስቀል እባላለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ካለችው ወይራ ሥር ተቀምጬ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርሁ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። «ክቡር ሆይ» ብዬ የጀመርሁት ወረቀት ተቆጥሮ አያልቅም፤ በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ እጄ ቢከብድ ይታገሡኝ። ባለፈው ሐሙስ በመልእክተኛ የላኩብኝ ትእዛዝ ደርሶኛል። የሠላሳ አንዱ ሰው እግር የተያዘው በብርድ፣ በምችና ወይዘሮ ይማርሽ በሸረቡት አሻጥር መሆኑን የሚገልጽ ሪፖርት «በዚያ በሚያምረው እጅህ» እንድጽፍ አዘውኛል። እጄን ስላሞገሱልኝ አመሰግናለሁ። የታዘዝሁት ሪፖርት ይኸውና።

አንደኛ፤ ስለ ምርመራው ላመስግንዎ። መስከረም ላይ ውርጭ ገብሱን ከመታው በኋላ ሕዝቡ የሚቀምሰው እንዳያጣ ማሰብዎ መልካም ነበር፤ ይህን አልክድም። ከሌላ አውራጃ ጓያ አስመጥተው፣ ሦስት እጅ ጓያ ከአንድ እጅ ገብስ ጋር በጥሬው አስፈጭተው፣ «ብርታት ዱቄት» ብለው ስም አወጡለት። አዲስ ምግብ ሳይመረመርና ሳይጸድቅ ለሕዝብ እንዳይታደል የሚከለክል መመሪያ በእጅዎ ስለነበረም ጥቅምት 13 ቀን ኮሚቴውን ሰብስበው ምርመራውን አካሄዱ። ምርመራው ምሳ ነበር። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠርቼ ስለነበር የምናገረው ያየሁትን ነው። ከዱቄቱ የተጋገረው ቂጣ በቅቤ ርሶ ከበግ ወጥ ጋር ቀረበ፤ ዘጠኙ የኮሚቴ አባላት በሉ፤ ለእኔም ደረሰኝ፤ በላሁ። ከዚያም እርስዎ የእጅ ሰዓትዎን እያዩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ማንም አልወደቀም፤ ማንንም አላስመለሰውም። «ጸድቋል» አሉ፤ ተጨበጨበ።

ክቡር ሆይ፣ ጓያ ሰውን በአንድ ምሳ አይሰብርም። ሌላ እህል ጠፍቶ፣ እሱ ብቻ ጧትና ማታ ሲበላ፣ በሁለት በሦስት ወሩ ነው የሚሰብረው። ከኮን እስከ ወገል ጤና ገበያ የሚወጣ ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቁ ዘጠኝ ሰዎች ተፈልገው ተገኝተው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው የአደረጃጀት ችሎታዎን ያሳያል።

ሁለተኛ፤ ስለ ናሙናው። መመሪያው የአዲሱ ምግብ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ እንዲጠበቅ ያዝዛል። እርስዎም አልቦዘኑም፤ አንድ ጣሳ ዱቄት አሽገው ለሾፌሩ ለአብዱልጀባር ሰጡት። አብዱልጀባር ጣሳውን ከወንበሩ ሥር አድርጎ ደሴ ድረስ ወሰደው። እዚያ የተቀበሉት ሰዎች በጨዋ ደንብ «ፊርማ ያለበት ማመልከቻ አብሮ ይምጣ፤ ምን እንደሆነና ከምን እንደተሠራ ይጻፍበት» ብለው መለሱት። ይህን ጋሸና ሻይ ቤት ተቀምጠን ራሱ አብዱልጀባር ነው የነገረኝ። ጣሳውን ሲያስረክብዎ ምን እንዳሉት ብጠይቀው መሬት መሬት እያየ፣ «‹ሄዶ መምጣቱ አንድ ምርመራ ነው› አሉኝ» አለኝ። ማመልከቻው እስከ ዛሬ አልተጻፈም። እኔ ከደጅዎ ሠላሳ እርምጃ ላይ እንደምቀመጥ ረስተውት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ወይዘሮ ይማርሽ። እኒህ ሴት ከታናሽ ወንድሜ መንደር ናቸው። ባለቤታቸው በጎልማሳነታቸው በክፉ ዘመን ጓያ ሰብሯቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሁለት ዱላ የሄዱ፣ በዱላ እንደሄዱም ያረፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ያወቁት ከመመሪያ አይደለም። በምሳው ዕለት ስለ ዱቄቱ ሰምተው በእግራቸው መጥተው ከደጅ ቆመው ነበር፤ ከስብሰባው መካከል ገብተው እንዲህ አሉ፤ «ልጆቼ፣ ጓያን በጥሬው አትፍጩት። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድር፤ ውሃው ይደፋ። ይቀቀል፤ ያም ውሃ ይደፋ። ያንን ውሃ እኛ ለከብት እንኳ አንሰጠው። ደግሞ ገብሱ ይብዛበት እንጂ እሱ አይብዛ። እንዲያም ሆኖ የየለት ምግብ አይሆንም።»

እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጉልበቱ እኮ ያለው ውሃው ውስጥ ነው። አንቺ የምትደፊው የሕዝቡን ብርታት ነው» አሏቸው፤ ቀጥለውም «አድኃሪ ልማድ» እንዲባል ወሰኑ። ወይዘሮ ይማርሽ የእናትዎ እኩያ ስለሆኑ፣ «አንቺ» ያሉትን በቃለ ጉባኤው ላይ «እርስዎ» ብዬ አርሜዋለሁ። በዚያ ቀን ካደረግሁት ሁሉ የማላፍርበት ይህች ብቻ ነች።

አራተኛ፤ ስለ ማረጋገጫው ወረቀት። እዚህ ላይ ተከሳሾቹ ሁለት ነን። ምሳው ከተነሣ በኋላ ማረጋገጫውን እንድጽፍ አዘዙኝ። ቅጹ ላይ የመርማሪው ባለሙያ ስም የሚሞላበት ቦታ ስላለ «ባለሙያው ማን ልበል?» ብዬ ጠየቅሁ። «የበላ ሁሉ ባለሙያ ነው። ‹በባለሙያዎች› ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ብዕሬን ነከርሁና «ይህ ምግብ በባለሙያዎች ተመርምሮ ለሰው ልጅ ጤና ፍጹም ተስማሚ መሆኑ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍሁ። «ፍጹም» የምትለውን እርስዎ አላዘዙኝም። ዐረፍተ ነገሩ እንዲያምር ከራሴ የጨመርኋት ናት። እርስዎ ማኅተም መቱበት፤ በማግስቱ ዱቄቱ በሚታደልበት መጋዘን በር ላይ ተለጠፈ።

አምስተኛ፤ ስለ ደባሱ። ደባሱ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። እናታችን ስታርፍ ገና ስድስት ዓመቱ ስለነበር ያሳደግሁት፣ ፊደልም ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ። ዱቄቱ መታደል ሲጀምር ሚስቱ ትሁን የወይዘሮ ይማርሽን ነገር ሰምታ፣ «ይቅርብን፤ ያለችንን ገብስ እየቆነጠርን እንሰንብት» ብላው ነበር። እሱ ግን መጋዘኑ ዘንድ ሄዶ ወረቀቱን አነበበና፣ «የጋሼ እጅ ነው። ጋሼ ውሸት አይጽፍም» ብሎ ሁለት ቁና ተሸክሞ ገባ። ይህን ትሁን ነች የነገረችኝ። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ።

ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ጥር ጧት ገንፎ፣ ማታ ቂጣ አድርገው በሉት። ገብሷ ጥቂት ስለነበረች ትሁን ለሕፃኗና ለራሷ ትከፍላት ነበር፤ የሚያርሰው ይጠንክር ተብሎ ዱቄቱ በብዛት ለደባሱ ቀረበ። ጥር አጋማሽ ላይ ለበልግ ሊያርስ በሬ ሲጠምድ ባቱ ተኮማተረ፤ ድካም መሰለው። በሳምንቱ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። የካቲት ሲገባ በጣቶቹ እየረገጠ፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ ጋር እየተጋጨ፣ በሁለት ዱላ እንኳ ከቤቱ እስከ በረቱ መድረስ አቃተው። መልእክት ደርሶኝ ስሄድ መደብ ላይ ተቀምጦ እግሩን በሁለት እጁ እያሸ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ መጋዘኑ በር ላይ ያለው ወረቀት የርስዎ እጅ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«ነው» አልሁት።

«እንግዲያ ይኼ ሌላ በሽታ ይሆናል» አለኝ፤ እኔን ለማጽናናት።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በቁጥር ልከፋፍለው ሞክሬ አልሆነልኝምና እንዲሁ ልንገርዎ። ከዚያ መደብ ተነሥቼ ዱቄቱ የታደለባቸውን መንደሮች አንድ በአንድ ዞርሁ። ሠላሳ አንድ ሰው ቆጠርሁ፤ ሃያ ስድስቱ ወንዶች፣ አብዛኞቹም ገና ጉልምስናቸው ያላለቀ አራሾች ናቸው። አንድ የጤና ረዳት አብሮኝ ሄዶ አያቸውና እውነቱን ሳይሸሽግ ነገረኝ፤ የተሰበረው አይመለስም፤ ያልተሰበረው እንዳይሰበር ግን ዱቄቱ ዛሬውኑ ይቁም አለ። ይህንኑ የካቲት 26 ቀን ጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ አስረዳሁ። «ሠላሳ አንድ ሰው ከስንት ሺህ በላተኛ? መቶኛው እኮ በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ። ወንድሜ መቶኛ መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

እርስዎ ባያቆሙትም ሕዝቡ አቆመው። ወይዘሮ ይማርሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ሁለት ጋን አስቀምጠው፣ ጓያ እንዴት እንደሚዘፈዘፍና ውሃው ስንት ጊዜ እንደሚደፋ ለሴቶቹ አሳዩ። ሴቶቹም መጋዘኑ ዘንድ ሄደው «ዱቄቱን አንወስድም፤ ፍሬውን ስጡን» አሉ። እርስዎ ለዚህ የሰጡት መልስ ወይዘሮ ይማርሽን በምግብ አሻጥር ከስሶ ማሰር ነበር። በሦስተኛው ቀን ትሁንና ሌሎቹ ሚስቶች የተሰበሩትን በቃሬዛ ተሸክመው መጡና ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ በተርታ አስቀመጧቸው። አልጮሁም፤ አልተሳደቡም። አንዲቱ ብቻ፣ «መርማሪው ወጥቶ ይመርምርልን» አለች። እኔ ከወይራዋ ሥር ሆኜ ሳይ፣ እርስዎ በጓሮ በር ወጥተው በፍጥነት ሄዱ። ሩጫዎ እንከን አልነበረውም፤ ጤናዎን በዓይኔ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ዘበኞቹም የሚያዝዛቸው ስላጡ ወይዘሮ ይማርሽን ለቀቋቸው።

በዚያው ሳምንት ደባሱ ዘንድ ተመልሼ «ሌላ በሽታ አይደለም። የኔ ጽሕፈት ነው» ብዬ ነገርሁት። ትሁን ምሳ አቀረበች፤ እሱ አልበላም። ልሄድ ስነሣ «መንገዱ ሳይመሽብዎ ይሂዱ፣ አቶ አረጋ» አለኝ። አፉን ከፈታ ጀምሮ ጋሼ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አራቱንም ጊዜ አቶ አረጋ ነኝ።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው። የዱቄቱ እደላ በጽሑፍ ይቁም። መጋዘን ያለው ፍሬ ሳይፈጭ፣ ከገብስ ጋር ለሕዝቡ ይታደል። በወይዘሮ ይማርሽ ላይ የተመሠረተው ክስ ይሰረዝ። ለሠላሳ አንዱ ሰው እርሻ የሚያርስላቸው ይመደብ። ማረጋገጫውን ስለማንሣት አይድከሙ፤ ዛሬ ጧት በገዛ እጄ ቀድጄዋለሁ፤ በቦታው የለጠፍሁት ይህን ደብዳቤ ነው። ዛሬ ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ የሚወጣውም፣ ለጊዮርጊስ ንግሥ የሚወርደውም በዚያ በር ስለሚያልፍ አንባቢ አያጣም። በሐሰት ጽሑፍ ሊከሱኝ ከወደዱ የምከራከረው የለኝም፤ ያን ወረቀት መጻፌን አምናለሁ። ሆኖም ክሱ ሲነበብ የጻፍሁት ምን እንደነበረና ማኅተሙ የማን እንደሆነ አብሮ መነበቡ ስለማይቀር፣ አስቀድመው ቢያስቡበት ለክብርዎ የሚሻል ይመስለኛል።

ስለ ደግነትዎ፣ ስለ ምሳዎ፣ ስለ መቶኛዎም እያመሰገንሁ፣ ዘመንዎ በሁለት እግር የቆመ እንዲሆንልዎ በታላቅ አክብሮት የምመኝ፣

አረጋ ገብረመስቀል
ራፖር ጸሐፊና የሐሰት ማረጋገጫ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሠላሳ አንዱ ሰዎች፣ በየመደባቸው፤
ፊርማ ያለበት ማመልከቻ ለጠየቁት የደሴ ሰዎች፣ ከአንድ ጣሳ ዱቄት ጋር በአብዱልጀባር እጅ።

ማስታወሻ፦ ለከብት ከሚሰጠው ፋጉሎና ከገብስ የተሠራ፣ «ንቃት» የተባለ ሁለተኛ አዲስ ምግብ ማዘጋጀትዎንና የምርመራው ምሳ ለፊታችን ማክሰኞ መቀጠሩን ሰማሁ። ሕዝቡ ላለመቸኮል ተስማምቷል። ክቡርነትዎ ከነገ ጀምሮ እስከ ሐምሌ ማለቂያ፣ ጧትና ማታ፣ ያለ ቅቤና ያለ ወጥ እሱን ብቻ ይመገቡልን፤ ከዚያም ከጋሸና ላሊበላ በእግርዎ ይምጡ። እኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመን እንጠብቅዎታለን። ያለ ዱላ ከደረሱ እንበላለን።