የጋዝ ዋጋ ሲወርድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 2፤ ከሥራ መልስ

ጋዝ ዛሬም ጨመረ። ማዞሪያው ላይ ያለው የቤንዚን ማደያ ጠዋት ስንወጣ አንድ ዋጋ፣ ስንመለስ ሌላ ዋጋ። ሙክታር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ታፔላውን ሰደበው። እኔም አብሬው ተሳደብኩ፣ ለይስሙላ። አንተ ደብተር ነህና ለማንም አታወራም፣ ልንገርህ፦ ደስ ብሎኛል።

አበደ አትበለኝ። ሙክታር የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ እዚሁ ፎረስት ፓርክ ሠፈር፣ ከኔ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የሚኖር ልጅ። ልጅ ስልህ አርባ ሊሞላው ነው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በዲቪ የመጣ። በጸደይ ጋዙ ሲሰቀል ቫኑን ደጁ ላይ አቁሞ በኔ መኪና ኦቤትስ፣ ካርቶን የምናነሳበት ዌርሀውስ ድረስ አብረን መመላለስ ጀመርን። የጋዙን ግማሽ ይከፍላል። ስንሄድ እንከራከራለን፣ ስንመለስ እንከራከራለን። ከዚያ እሱ ደጁ ላይ ይወርዳል። እኔ ቤቴ እገባለሁ። እስከ ማግስቱ ጠዋት አፌ የሚከፈተው ለጉርሻ ብቻ ነው፣ እሱንም ራሴ ለራሴ።

ስለዚህ ጋዝ ይጨምር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስንቱ እየተማረረ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ሙ.፣ ሙክታር ማለቴ ነው፣ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ። የምክር ቤቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። እሱ ዘንድሮ ሲትዝን ሆኗል፣ የመጀመሪያ ድምፁ ነው፣ ምራቁ ሳይቀር ፖለቲካ ሆኗል። የፓርቲዎቹን ስም ሁለታችንም አንጠራም። «ወንበር ላይ ያሉት» እና «ተቃዋሚዎቹ» ነው የምንለው፣ እንደ ሀገር ቤት።

የኔ ሕግ አንድ ናት፣ ታውቃታለህ፦ መራጭ የሚወስነው ጋዝ ሲቀዳ ነው። እጁ ቧንቧው ላይ፣ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ። ቁጥሩ ከሮጠ ወንበር ላይ ያሉት አለቀላቸው። ሙ. ደግሞ ሰው ልቡን የቆረጠው ድሮ ነው ይላል፣ እንደ ኳስ ደጋፊ፣ ቡድኑ ቢሸነፍም ማልያ አይቀይርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራንክሊንተን ሠፈር ምግብ ዴሊቨር ያደርጋል፣ እዚያ በየደጁ የተተከለውን የምርጫ ሳይን፣ ያቺን ትንሽ ታፔላ፣ ሲያይ ነው የሚውለው። ወንበር ላይ ያሉት ሳይናቸው ይበልጣል አለኝ። ሳይን ድምፅ አይሰጥም አልኩት። ጋዝም አይሰጥም አለኝ። አፈር ብላ! እስከ ዌርሀውሱ በር ድረስ ሳቅን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 6

ውርርድ ገባን። ብሬክ ሩም፣ ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ያለፉትን ሁለት ምርጫዎች ማን እንደሚያሸንፍ በትክክል ስለገመትኩ እዚያ ስሜ «ጠንቋዩ ጋሼ» ነው። እኔ ወንበር ላይ ያሉት ይሸነፋሉ አልኩ፣ ሙ. ያሸንፋሉ አለ። የተሸነፈ ያሸነፈውን ቤቱ ጠርቶ ያበላል።

ወዲያው ችግር። እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን፣ የሱ ስጋ ለኔ አይሆን፣ የኔ ለሱ አይሆን። ሰዉ አፈጠጠብን። ምርጫው ማክሰኞ፣ ማግስቱ ረቡዕ፣ ረቡዕ ጾም! ግብዣው የጾም ይሁን አልኩ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ማንም አይቀየምም። ተጨበጨበልኝ። ሙ. ከተሸነፍኩ ሚስቴ የምትሠራውን ምስር ቀምሰው ጣት ይቆረጥማሉ ብሎ ፎከረ። ካሸነፍኩ ግን ከነቤተሰቤ ነው የምመጣው አለ።

ከነቤተሰቡ። እዚህ ቤት።

አሁን እያሰብኩት ነው። ባለቤቴ ሰናይት ካረፈች፣ ከአርባዋ ወዲህ ማለቴ ነው፣ ከኔ በቀር እዚህ ቤት እህል የቀመሰ ሰው የለም። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ጃኬትና የፖስታ ቤት ወረቀት ተከምሯል። ባሸንፍ እሱ ቤት ሄጄ፣ በልቼ፣ አመስግኜ፣ ተመልሼ ያንኑ በር እከፍታለሁ። ብሸነፍ ግን እነሱ ይመጣሉ። ልጆች ምንጣፉ ላይ ይሮጣሉ፣ የሆነ ነገር ይሰብራሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሸነፍ አማረኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 8፤ ከቅዳሴ መልስ

ሄለንን ኮል አደረግኳት። ልጄ ሲያትል ናት። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ሁልጊዜው። እዚያ ማን ያሸንፋል ብዬ ጠየቅኳት። ሰው ሁሉ በምርጫው ተሰላችቷል አለችኝ። ስፒከር ላይ አድርጋኝ ልብስ እያጠፈች ነበር፣ ይሰማኛል። እዚያስ ጋዝ ስንት ገባ? መኪናዋ የኤሌክትሪክ ናት፣ ለካ ረስቼ። አይ ሃቭ ቱ ጎ ዳድ አለች። ሂጂ እናቴ።

ከዚያ እስካሁን ዝም። አንተም ዝም። አንተ መቼም አትከራከርም፣ ያ ነው ጉድለትህ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ወረደ። ማክሰኞ ትንሽ፣ ዛሬ ደግሞ ደህና አድርጎ። ማደያው በር ላይ መኪና ተሰልፏል። ሙ. ፉጨት በፉጨት ሆነ። ሕግዎ ይኸው ጋሼ፣ ጋዝ ወረደ፣ ወንበር ላይ ያሉት ቀጠሉ፣ ሽሮውን ይጣዱ አለኝ።

እውነቱን ነው። በራሴ ሕግ ተሸንፌአለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ የፈለግኩት ይኸው አይደል። ግን ሌላም አለ። ጋዝ ከረከሰ ሙ. ለምን ከኔ ጋር ይሄዳል? ሦስት ልጅ ት/ቤት የሚያደርስ ሰው ነው፣ የራሱ መኪና ይሻለዋል። ይህን እያሰብኩ ሳልናገር ደረስን። ስንመለስም አልተናገርኩም። አሞዎታል ወይ ጋሼ አለኝ። ደክሞኝ ነው አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ተናገረው። ልክ ሊወርድ ሲል፣ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን አውጥቶ። ብዙ አስቸገርኩዎት ጋሼ፣ ጋዙም ቀንሷል፣ ከነገ ጀምሮ በራሴ ልሂድ አለኝ።

ምን አልኩት መሰለህ? እንደ ፈቀደህ አልኩት። ኧረ ምንም አላስቸገርከኝም፣ እንደ ፈቀደህ! በሰላም ግባ ብዬ ሳቅሁለት ደግሞ። ምላሴን ማን ያዘው? አትሂድ ማለት ምን ይከብዳል? የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፣ ሚስት ቀብሬአለሁ፣ በስደት በረሃ አቋርጬ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ አትሂድብኝ ማለት ግን አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18

ብቻዬን። እጄ ለምዶ በሱ መንገድ ታጠፈ። ቫኑ የለም፣ ቀድሞኝ ሄዷል። እንደ ሌባ ደጁን አይቼ ዞርኩ።

የሱ ወንበር ወደ ኋላ እንደተለጠጠ ነው፣ እግረ ረጅም። ምንጣፉ ላይ እሱ የሚቆረጥመው የሱፍ ፍሬ ቅርፊት። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ የዶሮ ቤት እያልኩ። ዛሬ መጥረጊያውን አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ራዲዮ ከፈትኩ። አንድ ሰውዬ ጋዝ መራጭን አያንቀሳቅስም ይላል። ምን ታውቃለህ አንተ አልኩት፣ ጮክ ብዬ። መብራት ላይ አጠገቤ የቆመች ሴትዮ አየችኝ። ስልክ የማወራ መሰልኩ፣ ጆሮዬን ነካ ነካ አደረግኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20

ብሬክ ሩም የመጨረሻ ትንበያ ተሰበሰበ። ጠንቋዩ ጋሼ ይናገር ተባለ። ሁሉም ሕጌን ያውቃል፣ ጋዙ ወርዷል፣ ሐሳቤን እንደምቀይር ጠብቀዋል። እንዲያውም አንዷ ልጅ በኔ ትንበያ ከወንድሟ ጋር ልትወራረድ ነበር፣ እሷን ለብቻ ጠርቼ ዘንድሮ እኔን አትስሚ ብያታለሁ።

አልቀየርኩም። ይሸነፋሉ አልኩ፣ ድርቅ ብዬ። ጋዙስ ሲሉኝ ጋዝ ምን አገባው አልኩ። ሳቁብኝ። ጋሼ አረጁ አለ አንዱ ከኋላ። ያን ጊዜ አመመኝ፣ አልዋሽህም። በዚህ ሀገር ካርቶን ከማንሳት ሌላ ያለኝ ስም ያቺ ብቻ ነበረች። ግን ሄደች ትሂድ። ረቡዕ ሰው ይመጣል።

ሙ. አልሳቀም። ጥግ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ጠረጴዛውን ባዶ አደርጋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 23

ጉድ ሆንኩ።

ፓርኪንግ ላይ ጠብቆኝ አገኘሁት። አቀርቅሮ፣ ጫማውን እያየ። አስቤበት አስቤበት ልክ ነዎት ጋሼ፣ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፣ እኔም ይሸነፋሉ ነው የምለው አለኝ። ለሁሉም ነግሯል። ውርርዱ ፈረሰ።

ገብቶኛል። ታላቁን ሰው በሰው ፊት ማሸነፍ አልፈለገም። ሲሳቅብኝ አይቶ አዘነልኝ። የጨዋ ልጅ ነው፣ ጨዋነቱ ገደለኝ! ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ልክ ነዎት ብሎኝ አያውቅም። ልክ ነዎት ለሱፐርቫይዘር የሚባል ነገር ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ተሸናፊ የለም። ግብዣ የለም። ጠረጴዛው ግን ባዶ ነው፣ ወልውዬዋለሁ፣ መልኬ ይታየኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24፤ አመሻሽ

መረጥኩ። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ የሠፈሩ ጂም ውስጥ ባለው ምርጫ ጣቢያ። ሰልፉ ረጅም፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ ሰው ከሰው አይነጋገርም። ከፊቴ ያለውን ሰውዬ ጋዝ ወረደ አይደል ብዬ ሞከርኩት። ያፕ አለኝ፣ ተመለሰ ወደ ስልኩ። «መርጫለሁ» የሚለውን ስቲከሬን ለጥፌ ወጣሁ። ማን አየው።

ሙ. ፎቶ ላከልኝ። የመጀመሪያ ድምፁን ሰጥቶ፣ ስቲከሩ ግንባሩ ላይ፣ ትንሿ ልጁ ትከሻው ላይ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ዕንባዬ መጣ።

ቲቪው አሁን ካርታ እያቀለመ ነው። ድምፁን ዘጋሁት። ምን አገባኝ። ማንም ያሸንፍ፣ ነገ እዚህ ቤት የሚለወጥ ነገር የለም፣ እኔ ካልለወጥኩት።

ለሙ. ደወልኩ እንግዲህ። ይኸው ከደወልኩ በኋላ ነው የምጽፍልህ። ውጤቱን ሊጠይቁኝ ነው አይደል አለ። አይደለም አልኩት። ነገ ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ ና፣ እራት እኔ ቤት ነው አልኩት። ውርርዱ ፈርሷል እኮ አለ። ውርርዱን ተወው አልኩት። ታዲያ ለምን ምክንያት ሲለኝ፣ ብቻዬን መብላት መሮኛል አልኩት። እንዲሁ፣ ቃል በቃል። መኪናው ውስጥም ያለ አንተ መሮኛል አልኩት። ጋዝ በነፃ ቢታደልም ና አልኩት።

ነገሩን አበላሸሁት ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳ ስል ድምፁ መጣ፣ ወፍሮ። ጋዝ ሲወርድ ዝም ሲሉኝ የሰለቸሁዎት መስሎኝ ነው እኮ አለኝ። እኔ ደግሞ አንተ ልትሄድ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አየህ የሁለት ጅል ነገር! ልጆቹ ረባሽ ናቸው አለኝ። ይረብሹ አልኩት። ከዚያ፣ ከመዝጋቱ በፊት፣ ይሸነፋሉ ያልኩት ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ከልቤ አይደለም፣ ወንበር ላይ ያሉት ያሸንፋሉ አለኝ። ዞር በል፣ ምን ታውቃለህ አንተ አልኩት። ተመስገን።

ሄለንን ኮል አደረግኳት። እናትሽ ሽሮ እንዴት ነበር የምትሠራው አልኳት። ስፒከሩን አጠፋች፣ ተሰማኝ። በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፣ «ቁሌት» የምትለዋን ብቻ በአማርኛ። ቁሌቱን አታቻኩለው ዳድ አለች። ሽንኩርቱን ስከትፍ፣ ሳቁላላ፣ የመጀመሪያውን ድስት ሳሳርር፣ ስልኩን አልዘጋችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 25፤ ከሥራ መልስ

ጠዋት ሙ. በኔ መኪና ሄደ። ሱፉን እየቆረጠመ። ውጤቱን ከራዲዮ ሰማን፣ ግማሹ ገና አልተቆጠረም፣ እስከ ኦቤትስ ተጨቃጨቅን፣ ድምፄ እስኪዘጋ።

ሽሮው ደህና ነው። ጎመኑ ጨው በዝቶበታል። ምስሩን አልነግርህም።

ቫኑ ደጅ ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ልጆቹ ሣሩ ላይ ሲጮሁ ይሰማኛል። ወይኔ! እነሱ አምስት፣ እኔ ስድስተኛ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር አራት ነው። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም። ጋራዡ ውስጥ የሰናይት ሁለት ተጣጣፊ ወንበሮች አሉ፣ ካርቶኑ ሥር፣ ልሂድ ላውጣቸው።