በዚህ ሙቀት ጥቁር ሸሚዝ

እሑድ፣ ጳጉሜን 1 ቀን
ሎስ አንጀለስ

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትሽን እስማለሁ። ያ የሚያምሽ ቀኙ ጉልበትሽ ክረምቱን እንዴት አደረገሽ? ሳሉስ ተወሽ? ቤቱ ዘንድሮም አፈሰሰ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነሽ ወይ ብሎ መጠየቅ የደብዳቤ ወግ ነው፤ ሰው መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እኔ ግን ዛሬ ወረቀት ያነሣሁት ለዚሁ ጥያቄ ብዬ ነው። እማዬ፣ ደህና ነሽ ወይ?

የእናንተ ስልክ ከተቋረጠ አምስተኛ ወሩን ያዘ። አክስቴን በጠየቅኳት ቁጥር “ሰላም ናቸው አሉ” ትለኛለች። ማን እንዳለ ስጠይቃት “ከዚያ የመጣ ሰው” ትላለች። ሰውየውን ግን አይቼው አላውቅም። አፌ ቶሎ እንደማይፈታ ታውቂያለሽ፤ ሁለተኛ አልጠይቅም። ዝም ብዬ አያለሁ። ከሐምሌ ወዲህ ያየሁትን ልንገርሽ።

አክስቴ ጥቁር ለበሰች።

መጀመሪያ ልብ አላልኩም። እስከ ጭኗ የሚደርስ ሰፊ ጥቁር ሸሚዝ ነው፤ ከሌላው ልብሷ በላይ ትደርበዋለች። አበባ ያለበት ቢጫ ሸሚዝ ነበራት፣ ስትለብሰው አንቺን የምትመስልበት። እሱ ተሰቅሎ ቀረ። የዘንድሮው ሙቀት ደግሞ ለጉድ ነው። በዚህ አገር አቆጣጠር መቶ አራት ደርሷል። ፌርፋክስ መንገድ ላይ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፤ ከፒኮ መንገድ አውቶቡስ ወርጄ አክስቴ ሥራ ቦታ እስክደርስ ከንፈሬ ይደርቃል። ሰው ሁሉ ልብሱን ሲያወልቅ አክስቴ ትደርባለች።

የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት ወንድይራድ አፉ አያርፍም። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ከኋላ ሆኜ በርበሬና ሽሮ እያሸግኩ እሰማቸዋለሁ። አንድ ቀን “እታገኝ፣ በረዶ ሊጥል ነው እንዴ? ስኖው ካለ ንገሪኝ፣ ሶ መኪናዬን ከቨር ላድርግ” አላት። እሷም “አንተ ሆድህን ከቨር አድርግ፣ የኔን ተወው” ብላ መለሰችለት። ደንበኞቹ ሁሉ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው የምትይው ይህን ነው። እየሳቀች እጇ ሸሚዙን ወደ ታች ጎተተው።

ከዚያ ወዲህ እጇን መከታተል ጀመርኩ። ሰው ሰላም ስትል አታቅፍም፤ ጉንጯን ብቻ አስግጋ ትሰጣለች። እኔን እንኳ የምትስመኝ በግራ ጎኗ ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ሲጠየቅ፣ ቁመቷ ከኔ እየበለጠ፣ “ነይ አውርጂ” ትለኛለች። የወደቀ ነገር ለማንሣት ጎንበስ አትልም፤ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ቁጢጥ ትላለች። ፍልሰታን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ አስቀደሰች፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ አልገባችም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰፊ መታጠቂያ ታጥቦ ተሰጥቶ አየሁ፤ አጠገቡ የሕፃን ፓውደር ነበር። ሁለት ቅዳሜ ደግሞ “ኦቨርታይም አለብኝ” ብላ ወጣች። ወንድይራድ ግን ሁለቱንም ቅዳሜ “አክስትሽ የት ጠፋች?” ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ወገብን አስሮ ጥቁር መልበስ ምን ማለት እንደሆነ ለኔ ማስረዳት አያስፈልግም። መርዶ እንዴት እንደሚደበቅም ያየሁት ካንቺው ነው። የጎረቤታችን የዝማሬ ወንድም የሞተ ጊዜ፣ እስኪነገራት ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ አብረሻት ሽንኩርት ስትልጪ፣ ስታስቂያት ከረምሽ። እሷ ስትወጣ ጓዳ ገብተሽ በነጠላሽ ጫፍ አፍሽን አፍነሽ ታለቅሺ ነበር። አየሁሽ። ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ አደረግሽ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ብዙ እግር ወደ ቤቷ ሲሄድ ሰማሁ።

አክስቴም የምታለቅስበት ጓዳ አይጠፋትም ብዬ ጠበቅኩ። እዚህ ጓዳ የለም፤ ያለው መኪና ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በመስኮት አየኋት። ፓርክ አድርጋ ሳትወርድ ግማሽ ሰዓት ያህል መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ስትገባ ፊቷን ታጥባ ነበር። “ትራፊኩ ገደለኝ” አለችኝ።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ብርሃኑ ደግሞ ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ከሁለት ሴቶች ጋር ቤታችን መጡ። ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ቤንዚን አወሩ። “ስንተኛ ክፍል ደረስሽ የኔ ልጅ?” አሉኝ። አሥረኛ ስላቸው “ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ በርቺ” ብለው ወለሉን አዩ። አንደኛዋ ሴትዮ እኔን እያየች ከንፈሯን መምጠጥ ስትጀምር ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት። ውኃ ላመጣ ስሄድ ጋሼ ብርሃኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “እንግዲህ በዓሉ ይለፍ” ሲሉ ሰማሁ።

እንቁጣጣሽ የፊታችን ዓርብ ነው። ከዓርብ ቀጥሎ ቅዳሜ ማለዳ አለ። ጋሼ ብርሃኑ ከመጡባት ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ እየነቃሁ ደረጃውን አዳምጣለሁ።

ሐሙስ ዕለት የሱቁ ኤሲ ተበላሸ። አክስቴ ለአንዲት ደንበኛ ቡና እየመዘነች ሳለ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሚዛኑን እንደያዘች ዘጭ አለች። ሴቶቹ ተንጫጩ። አንዷ አየር ስጧት ትላለች፣ ሌላዋ ወገቧን ፍቱላት ትላለች። ወንድይራድ ስልኩን እጁ ላይ ይዞ “ስልኬን ያያችሁ!” እያለ ይዞራል። የቀረብኳት እኔ ነኝ። ሸሚዙን ገለጥ አድርጌ መታጠቂያውን ልፈታ እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ያገኘው ብረት ነው። በላቧ የሞቀ፣ ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ። ሽጉጥ ነበር፣ እማዬ።

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ሸሚዙን መልሼ ከደንኩና የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ሆዷ ላይ ጣልኩት። “አትንኳት! እኔ አለሁ!” ብዬ ጮኽኩ። ሱቁ ውስጥ ድምፄን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ቀን ስለሆነ መሰለኝ ሁሉም ወደ ኋላ አሉ። አክስቴ ዓይኗን ገለጠች። ቦርሳውን አየች፣ ከዚያ እኔን። እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ “አምቡላንስ አትጥሩ፣ ኦኬ ነኝ፣ ውኃ ብቻ ስጡኝ” አለች።

ቤት ገብተን በሩን ቆልፋ ነገረችኝ። መጋቢት ላይ ከሱቁ ጀርባ ፓርኪንጉ ውስጥ አንድ ሰው አንገቷ ላይ ቢላ አድርጎ መኪናዋን ወስዶባት ነበር፤ ፖሊስ ያገኘላት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ለኔ “ጋራዥ ገብቷል” ነበር ያለችኝ። ሁለቱን ሳምንት በአውቶቡስ ስንሄድ፣ የሌለውን መካኒክ ስንፍና ሳይቀር ስታጫውተኝ ነበር። ሁለቱ ቅዳሜዎች የሽጉጥ ትምህርት ነበሩ። ፈቃዷን አውጥታ አሳየችኝ፤ ፎቶው ላይ እንኳ ተሸማቅቃለች። በሙቀት መያዝ መከራ ነው አለችኝ። ልብስ ሲሳሳ ቅርፁ ይታያል፣ እጅ ሲነሣ ጫፉ ብቅ ይላል፣ ላብ ብረቱን ያዝገዋል። ወገቧን ስታሳየኝ ቆዳዋ ቀልቶ ተልጧል፤ ፓውደሩ ለዚያ ነው። ሽጉጥ ታጥቄ ቤተ መቅደስ አልገባም፣ መኪና ውስጥም ጥዬው አልሄድም ብላ ነው ደጅ የቆመችው።

ጥቁሩስ ብዬ ጠየቅኳት። አስተማሪው ነው አለች፣ ጥቁርና ሰፊ ልበሱ፣ ቅርፁን ይውጠዋል ብሎን ነው። ጋሼ ብርሃኑስ? እሳቸው ደግሞ ይህን ነገር ቤትሽ አታኑሪ ሊሉኝ ነው የመጡት፣ በዓሉ ይለፍና እንነጋገራለን ተባባልን አለችኝ። ሁሉም መልስ ነበረው።

ሳቅኩ። ቤታችን ሽጉጥ አለ ሲባል የሚስቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሽጉጥ ነው! ሽጉጥ ብቻ ነው! እኔ ስስቅ እሷ ማልቀስ ጀመረች። “ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ” እያለች አቀፈችኝ። ብረቱን አውልቃ ስለነበር፣ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እጇ ነው ያቀፈችኝ። እኔ ሳቄን ጨርሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ስመለስም አላቆመችም። ለሽጉጥ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ አልኩ በሆዴ። መልሼ ራሴን ተቆጣሁት።

በማግስቱ ቅድስት ሱቅ መጣች። ቅድስት ካልቨር ሲቲ አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት ናት። ረቡዕ ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ ይህን ደብዳቤ ደሴ ድረስ ይዛው ትሄድና ከዚያ በሰው ትልክልሻለች። ሰው ዕቃ ሲሰጣት “ኪሎዬ ሞልቷል፣ እኔ ካርጎ ነኝ እንዴ?” እያለች፣ የተቀባዩን ስም፣ ሰፈርና ስልክ አስጽፋ ነው የምትቀበለው። እኔ ደብዳቤ አለኝ ስላት ግን “ጻፊ የኔ እናት፣ የፈለግሽውን ያህል ጻፊ” አለችኝ። ለማን፣ የት ብላ አልጠየቀችም። ለጉልበትሽ የሚስማማ፣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ ገዝቼልሽ ነበር። ከካርቶኑ ሳወጣው ቅድስት አክስቴን አየቻት። ከዚያ “ጫማው ይቆይ፣ ደብዳቤው ይበቃል” አለች። አንድ ጥንድ ጫማ ስንት ኪሎ ይሆናል፣ እማዬ?

ዛሬ እሑድ ነው፤ አክስቴ ሥራ የላትም። ሽጉጡ ቁም ሳጥኑ ውስጥ በብረት ሣጥን ተቆልፎበታል፤ ስትቆልፈው ቆሜ አይቻለሁ። መታጠቂያው ደርቆ ተጣጥፏል። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ እንኳ ቤቱ እንደ ምድጃ ነው። ለዓርብ የኔን ነጭ ቀሚስ ተኩሳ ሰቅላልኛለች፤ የራሷን ከሻንጣ አላወጣችውም። ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ዓይኗን ስትጠርግ፣ ሳልጠይቃት፣ “ሽንኩርቱ ነው” አለችኝ። አሁን ወገቧ ላይ የምትደብቀው ምንም የለም። ጥቁሩን ሸሚዝ ግን አላወለቀችም።

ስለዚህ እባክሽ፣ ይህ ሲደርስሽ በራስሽ እጅ ጻፊልኝ። ወደዚህ ስመጣ መናኸሪያው ላይ በጆሮዬ ያልሽኝን ቃል ጻፊው። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ደህና ናት ቢለኝ አላምንም። ቅዳሜ ማለዳ ደረጃው ላይ የሚወጣውን እግር እቆጥራለሁ። የአንድ ሰው ከሆነ ጎረቤት ነው። ብዙ ከሆነ በሩን አልከፍትም፤ ያንቺን መልስ ነው የምጠብቀው።

አዲሱን ዓመት በጤና ያስገባሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽን ሰላም ያድርገው። ጫማሽ አልጋዬ ሥር ነው፣ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

ነጭ ለብሳ የምትጠብቅሽ
ልጅሽ