ከመንገዱ ማዶ ያለው መብራት

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ዓመታዊው የፈረስ ግልቢያ ውድድር ቀን። አገር ሙሉ ሥራውን ትቶ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰየምበት። እኔም እንደ ወጉ ባርኔጣዬን ከሳጥን አውጥቼ አራገፍኩት። ባለቤቴ ክሊፍ አየኝና "ኖሪን፣ ወፍ ጎጆ ሠራችብሽ እንዴ?" አለ። ሲስቅ ሳሉ ተነሣበት። የኦክስጅን ቱቦውን አፍንጫው ላይ አስተካከልኩለት። ዕድሜ ልኩን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሲሠራ ኖሮ ሳንባው አልቋል፤ ያለ ማሽኑ ሁለት ክፍል አይሻገርም። እንዲህም ሆኖ እኔ ላይ መቀለዱን አይተውም።

ዘንድሮ ግልቢያውን ያየነው ክሊኒኩ ውስጥ ነው፣ አዲሱን ሶላር ለማስመረቅ። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቋሊማ ጠብሰን፣ ኬክ ጋግረን ሸጠን ያስተከልነው ነው። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ኔቭ ሪባን ቆረጠ። "ከእንግዲህ በመንደራችን በኮልተን ክሪክ የታመመ ሰው ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም!" አጨበጨብን። ፈረሶቹ ተነሡ… መጨረሻው ላይ ሊደርሱ ሲሉ ድርግም። ቴሌቪዥኑም፣ አምፖሉም፣ ማቀዝቀዣውም።

ወጥተን ጣሪያውን አንጋጠን አየን። ፀሐይዋ እንደ ጉድ ታቃጥላለች። ሶላሩ ያብለጨልጫል። መብራት ግን የለም።

ነርሳችን ሸሪን ለተከለው ሰውዬ ደወለች። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ሶላሩም አብሮ መጥፋት አለበት አላት፤ አለዚያ መስመር ሊጠግን የወጣን ሠራተኛ ይገድላል። ለብቻው እንዲሠራ ባትሪና ሌላ ዕቃ ያስፈልገዋል።

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረንም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

እውነቱን ነው፣ ማንም አልጠየቀውም። ፀሐይ ካለ መብራት ያለ መስሎን…

ባርኔጣችንን እንደደፋን መንገዱን ተሻግረን የመንደሩ አዳራሽ ገባን። ባትሪ ያለው እሱ ነው፤ ካለፈው ትልቅ እሳት በኋላ መንግሥት ሰው እንዲሸሸግበት ብሎ የሰጠን። ስንደርስ ግልቢያው አልቋል። ኔቭ ፊቱ ቀልቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ክሊፍ ማሽኑን እየጎተተ አጠገቡ ሄደና "አይዞህ፣ ሪባኑን መልሰን እንሰፋዋለን" አለው።

ኖቬምበር 6

ቀላል ነገር መስሎን ነበር። ባትሪው አዳራሹ ውስጥ፣ ክሊኒኩ ፊት ለፊቱ። በመሃል አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ። ከዚህ ወደዚያ ገመድ መዘርጋት ነው፣ አለቀ።

ኔቭ የመብራት ኩባንያውን ጠየቀ። አይቻልም። ከኩባንያው በቀር ማንም የሕዝብ መንገድ አሻግሮ ለሌላ ሕንፃ መብራት መስጠት አይችልም። በሕግ ክልክል ነው። እነሱስ ራሳቸው ይዘረጉልን ይሆን? ለአንድ ክሊኒክ ብለን አንዘረጋም።

ሸሪን እንዳለችው ፓርላማ የገባ ረቂቅ ሕግ አለ። ዋናው መስመር ሲቋረጥ መንደር የራሱን ትንሽ የመብራት መረብ ዘርግቶ ለክሊኒክ፣ ለውሃ ፓምፕ፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያ እንዲያደርስ የሚፈቅድ። ክሊፍ ጆሮው ቆመ። "እሱ መቼ ነው የሚያልፈው?" ማን ያውቃል…

ኖቬምበር 12

ዶክተር ፔሬራ ጋ ሄድን፣ ቤርንስዴል ከተማ ድረስ። መንገዱ ራሱ ያደክመዋል።

ደግ ሰው ናቸው፣ ግን አይሸፋፍኑም። "ክሊፍ፣ መብራት ሲሄድ የኦክስጅን ሲሊንደሩ የሚያቆይዎት ጥቂት ሰዓት ነው። የእሳት ጭስ ከመጣ ደግሞ እርስዎን የሚያተርፍዎት ያ አየር የሚያጣራው የክሊኒኩ ክፍል ብቻ ነው። ያለ መብራት ግን ክፍሉ ባዶ ሳጥን ነው።"

"ክሊኒኩ ጄኔሬተር አለው" አልኩ።

"ባለፈው እሳት ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነዳጅ አለቀበት አላላችሁኝም?"

እውነታቸውን ነው። ይኸው ነው እንግዲህ። ይህን በጋ እንደምንም እናሳልፍ አሉ። ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ አስተማማኝ መብራት ካላገኘ ክሊፍ ቤርንስዴል መጦሪያ ቤት መግባት አለበት። ካገኘ ቤቱ ይኖራል።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ "የቤታችንን ምሰሶ የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ" አለ። እኔም እየነዳሁ አለቀስኩ፣ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ።

ዲሴምበር 2

ክሊፍ ሌላ ወሬ የለውም። ረቂቁ፣ ረቂቁ… ከአካባቢያችን የምክር ቤት አባል ቢሮ ታሊያ የምትባል ልጅ ትደውልለታለች። የፓርላማው ኮሚቴ ፊት በቪዲዮ ይመስክሩልን ብላዋለች። "ማን? እኔ? ትንፋሽ የለኝም እኮ!" "ለዚሁ ነው የፈለግንዎት" አለችው። ሳቀ። የሠርጉን ሸሚዝ እንድተኩስለት አዘዘኝ። የሠርጉ ሸሚዝ የት አለ? አይጥ ከበላው ስንት ዓመቱ።

ዲሴምበር 10

መሰከረ።

ከኩባንያው የመጣው ሰውዬ ቀደመው። ከረባት፣ ለስላሳ ድምፅ። ሕጉ ከወጣ የገጠር ሰው በየዛፉ ሽቦ እየጎተተ ራሱንም ጫካውንም ያቃጥላል ነው የሚለው። ኔቭ ከኋላዬ "ምን ይላል ይሄ!" ሲል ማይክሮፎኑን በእጄ ሸፈንኩት።

ከዚያ ክሊፍ። በየሁለት ቃሉ እያረፈ። "ጌታዬ… ዕድሜዬን በሙሉ መጋዝ ፊት ቆሜ ነው የኖርኩት። ይኸው ጣቶቼ… ይቁጠሯቸው። እኛ ጥንቃቄ እናውቃለን። ሕጉ እስኪወጣ… ኮልተን ክሪክ ላይ አንዲት ሽቦ መንገድ አትሻገርም። ቃሌ ነው።"

ሰብሳቢዋ አመሰገነችው። ከረባቱ ሰውዬ ወረቀቱን ይገለብጣል። ክሊፍ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ ግን እንደ ዛሬ ኮርቶ አይቼው አላውቅም። እኔም ኮራሁበት። ሞኝ ሽማግሌዬ!

ዲሴምበር 25

የገና ቀን፣ በበጋው መሃል። አርባ ዲግሪ። ቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋ፣ ሰላጣ፣ ማንጎ። ክሊፍ ትንሽ ቀመሰ። ነፋሱ ከሰሜን ነው። አልወደድኩትም።

ጃንዋሪ 9

ጭስ። ሸንተረሩ አይታይም። ውጡ የሚለው መልእክት ሲመጣ መንገዱ ቀድሞ ተዘግቷል። ሰው ሁሉ አዳራሽ ነው። መብራት ጠዋት ሄደ።

ጃንዋሪ 13

ሆስፒታል። ክሊፍ ተኝቷል። እኔ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

አዳራሹ በራ። ባትሪው እንደታሰበው ሠራ። ሻይ ይፈላል፣ ልጆች ስልክ ይሰካሉ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከነካሜራው መንገድ ተዘግቶበት እኛው ጋ ቀርቷል። የክሊፍም ማሽን ይሠራል። ግን አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ጭሱ በየቀዳዳው ይገባል። ማሽኑ ያንኑ ጭስ ስቦ አፍንጫው ውስጥ ይከተዋል። የሚያጣራው ክፍል ማዶ ነው። በሩ ይታየኛል። ድንግዝግዝ ብሎ፣ ጨለማ።

የክሊኒኩ ጄኔሬተር ሲመሽ ነዳጅ ስለጨረሰ ነው ክሊፍን ከዚያ ወደ አዳራሹ ያመጣነው። ሸሪን ያላትን ሲሊንደር በሙሉ አመጣች። እሱም እያለቀ ነው።

ኔቭ ከጭነት መኪናው ላይ ያንን ወፍራም ብርቱካናማ ኤክስቴንሽን አወረደ። "መንገዱ ዝግ ነው፣ መኪና የለም፣ ማን ያየናል? እዘረጋዋለሁ፣ ክሊፍን እዚያ እናስገባዋለን፣ በቃ።"

ክሊፍ እጁን አነሣ። ካሜራውን በዓይኑ አሳየው። "ኔቭ… ተው።"

"አንተ ደረቅ፣ እየሞትክ እኮ ነው!"

"ቃሌን… ሰጥቻለሁ። ያቺን ሽቦ ካዩ… ሕጉ ሞተ።"

"ለጋዜጠኛው እኔ እነግረዋለሁ፣ ካሜራውን ይዝጋው!"

"ነገ… ወሬው ይወጣል። ከረባቱ ሰውዬ… ይኸው ይላል።"

ጮኽኩበት። ሰው ፊት ጮኽኩበት። "ለእነሱ ብለህ ልትሞትብኝ ነው? እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?" እጄን ያዘ። "ካለፈ ቤታችን እንኖራለን… አንቺና እኔ።" ኔቭ ገመዱን ይዞ ቆሞ እኔን ያየኛል። ዘርጋ እንድለው ይጠብቃል። ዘርጋ አልኩት። ክሊፍ ቱቦውን ከአፍንጫው ነቀለ። ሽቦዋ ከተዘረጋች መልሶ አያደርገውም፣ ገባኝ። ኔቭ ገመዱን ጠቀለለ። ሲጠቀልል ያለቅስ ነበር።

በማግስቱ ከእሳት አደጋ መኪና ኋላ አምቡላንስ ገባ።

ለምንድነው ዝም ብዬ ያየሁት? አላየሁም፣ ዘርጋ ብያለሁ… ግን ቆምኩ። ሁላችንም ቆምን። ሙሉ መንደር አንድ ደረቅ ሽማግሌ ሲታፈን ቆሞ አየ፣ መብራት ከመንገዱ ወዲህ ሞልቶ።

ጃንዋሪ 29

ተረፈ። ዶክተር ፔሬራ "ከሳንባው የቀረው እንኳ ተጎድቷል" አሉኝ። ከዚህ ወዴት? መጦሪያ ቤት። ክሊኒኩ መብራት እስኪያገኝ ወደ ቤት የሚባል ነገር የለም። "እስኪያገኝ" ሲሉ ግን ዓይኔን አላዩኝም።

ፌብሩዋሪ 5

መጦሪያ ቤት ገባ። የክሊፍ ክፍል መስኮት የመኪና ማቆሚያውን ያሳያል። እኔ አጠገቡ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ጠዋት እመጣለሁ፣ ሲመሽ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው። "አለፈ?"

ፌብሩዋሪ 12

የረቂቁ ውይይት ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ምክንያቱን አልነገሩም።

ፌብሩዋሪ 24

ቤታችንን ለማየት ሄድኩ። እሳቱ አልነካውም። አመዱን ጠረግኩ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የተበላሸውን ጣልኩ። ለማን ብዬ እንደማጸዳ አላውቅም።

ኔቭ አጥር ላይ ቆሞ አየኝ። ገብቶ ሻይ እንኳ አልጠጣም። "እንዴት ነው?" "ይጠይቃል።" "ምኑን?" "ሕጉን ነዋ።" አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ አዳራሹ ውስጥ አይገባም አሉኝ፣ የኮሚቴውን ቁልፍም መልሷል።

ማርች 17

አለፈ!

ታሊያ ደወለች። እየጮኸች። "ወ/ሮ ኖሪን፣ አለፈ! በሙሉ ድምፅ! ሚኒስትሩ የክሊፍን ስም ጠሩ፣ ጭስ ውስጥ ሆኖ ቃሉን የጠበቀ ሰው ብለው። ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ!" እኔም መንገድ ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። አንዲት ሴትዮ "ሎተሪ ደረሰሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ለክሊፍ ልነግረው ሮጬ ስሄድ ተኝቷል። ነገ እነግረዋለሁ። ነገ ጠዋት፣ ቁርሱ ላይ።

ማርች 18

ቁርስ ሳይደርስ ሸሪን ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ ክፉ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"ነግረሽዋል?"

"አሁን ልገባ ነው። ምነው?"

"ቆይ። አትግቢ።"

ሕጉን አንብባዋለች። መንደር መብራት አሻግሮ እንዲሰጥ ተፈቅዷል፣ እውነት ነው። ግን አስፈላጊ ተቋም የሚባለው የትኛው እንደሆነ መጨረሻ ላይ ጨምረውበታል፤ ኩባንያው ሳይቃወም እንዲያልፍ። የሕክምና ቦታ ከሆነ ሕመምተኛ የሚያድርበት፣ አልጋ ያለው መሆን አለበት። የእኛ ክሊኒክ ማታ ይዘጋል። አልጋ የለውም።

"አልጋ እናስገባለን!" አልኩ።

"ኖሪን… አልጋ ማለት ፈቃድ ነው። ሌሊት የሚሠራ ሐኪም ነው። እኛ ጋ እኮ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

ታሊያ ጋ ደወልኩ። ታውቅ ነበር? አታውቅም ነበር። አለቀሰች። ምስኪን ልጅ። "በሚቀጥለው ማሻሻያ እናስገባዋለን፣ ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው" አለች። ሁለት ዓመት…

ሳልገባ ተመለስኩ። አመመኝ ብዬ አስነገርኩለት።

ማርች 20

ዛሬ ገባሁ። ሁለት ቀን መቅረቴ አስፈርቶት ነበር፣ ተንከባካቢዎቹ ኮሪደሩ ላይ ነገሩኝ። የምለውን በመንገዴ እየተለማመድኩ መጣሁ። ክሊፍ፣ አልፏል ግን… ክሊፍ፣ ስማኝ…

አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቷል። ደረቱ ከውስጥ የሆነ ሰው እንደሚገፋው ብድግ ዝቅ ይላል። አየኝ።

"አለፈ?"

ያ "ግን" አፌ ድረስ መጣ። ፊቱን አየሁት። በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ዘርጋ ብዬ አልሰማኝም። አሁን ምን ብለው ይሰማኛል?

"አለፈ" አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጉንጮቹ ወረደ። ቀጥሎ ተንከባካቢዋን ጠርቶ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር እንድታወጣ አዘዛት። ሸሚዞቹን እያጠፈች ስትከት "ቀስ፣ ከረባቱ ይጨማደዳል" እያለ ይቆጣጠራታል። ከረባት የለውም።

"ነገ ነው የምንሄደው?" አለኝ።

"ገመዱን እስኪዘረጉ ነው እንጂ…"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ጥቂት ቀን።"

"እንግዲያ ጉልበት ልሰብስብ" ብሎ ሳህኑን ሳበ። ድንቹንም፣ ሥጋውንም፣ ያን የማይወደውን አተር ጭምር ጨርሶ በላ። ከእሳቱ ወዲህ እንዲህ ሲበላ አላየሁም። ሻንጣው በሩ ሥር ተዘጋጅቶ ቆሟል። ነገ ጠዋት መግባት አለብኝ።