የአስማረ ሕመም በገና ሜዳ

ታኅሣሥ 26 ቀን 1975

አልፈቀደም። በገና ጨዋታ ላይ ለአስማረ መታሰቢያ ላነብበው የጻፍሁትን ንግግር የቀበሌው ሊቀመንበር በቀይ እስክርቢቶ ሰረዘው። «አእምሮው ታሞ ነበር» የሚለው ወጣ፤ «ታታሪ የአብዮት ልጅ» የሚል ገባ። አስማረ የስብሰባ ደጃፍ እንኳ ረግጦ አያውቅም።

«ጓድ መምህር፣ አብዮቱ እብድ አያወድስም» አለኝ።

የገና ዱላ እንደ እሱ የያዘ ደብረ ታቦር ውስጥ አልነበረም። ሁለት ዓመት ጠፍቶ ሲመለስ በገና ጨዋታው ሜዳ መሃል ቆመና፣ «አእምሮዬን አሞኝ ነበር። ድምፅ እሰማ ነበር። ሐኪም ቤትም ጠበልም ገብቻለሁ» አለ። ማንም ሳይጠይቀው። ነሐሴ ላይ ተስቦ ገደለው። ከተማው እብደቱ ነው ይላል።

ታኅሣሥ 27

አጎቱ አያ ዘለቀ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። አልጨበጡኝም።

«ስሙን ጥራ፤ ሕመሙን አትጥራ። እህቱ ታጭታለች። ከእብድ ዘር ማን ይጋባል?»

«እሱ ራሱ ተናግሮት የለም ወይ፣ አያ?»

«እሱማ እብድ ነው!»

ታኅሣሥ 28

የታች ሰፈር ተጫዋቾቻችንም «ተወው» አሉኝ። ፈሪዎች። እኔስ?

ንግግሩን ትቻለሁ። ግን በገና ሜዳ በግጥም ለመሰዳደብ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ለመልስ የሚሆን ሁለት ስንኝ ገጥሜያለሁ። ተጋጣሚዎቻችን ላይ ሰፈሮች አስማረን እንደሚነኩት አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 29

ነኩት። ሁለት ጊዜ አግብተውብን ላይ ሰፈሮች እየጨፈሩ መጡ፦

«ምን ሊውጣችሁ ነው እናንት ታች ሰፈሮች፣
እብዳችሁ ሞተና ቀራችሁ ሰነፎች!»

ተራው የእኔ ሆነ። ግጥሜ ከአፌ ጠፋ። ያኔ ያለ ግጥም እንዲሁ ጮህሁ፦ «አእምሮው ታሞ ነበር! ራሱ ነግሯችኋል! ከእናንተ ይህን የሚደፍር ማን አለ?»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሣ። ከኋላው አንድ ሽማግሌ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ቢሉ ሰው ሳቀ። መልሶ ተቀመጠ። አያ ዘለቀ ግን ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ ስበው ሄዱ።

ታኅሣሥ 30

የአስማረ እህት ዓለምነሽ መጣች። አልቀመጥም አለች።

«የእጮኛዬ ሽማግሌዎች ዛሬ ሊመጡ ነበር። ቀሩ።»

ከደጃፉ ሳትርቅ ቀጠለች።

«ሊቀመንበሩን ጠየቅህ። አጎቴን ጠየቅህ። እኔን ማን ጠየቀኝ፣ ወንድምጋሼ?»

አላሰብኋትም። እውነቱ ይኸው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኋትም።

«ብጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«ሕመሙን እኔው በአፌ እናገረዋለሁ እል ነበር።»

በሩን ሳትዘጋው ሄደች። አሁንም ክፍት ነው። ተነሥቼ ልከተላት ወይስ ልተዋት፣ አላውቅም።