ማዳሜ የምታሠራው ቤተ መጻሕፍት

ነሐሴ 22
ልብስ ተኩሼ፣ ሰላጣ ከትፌ፣ ከሰዓት የማዳሜን ሞዴል አቧራ አራገፍኩ። ማዳም ኮሌት አርክቴክት ናት። ዓይን ኤል ረማነህ በሚባለው ሰፈር የምታሠራው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በወረቀትና በእንጨት ተሠርቶ ሳሎን ተቀምጧል። ሦስት ፎቅ። ፊቱ መስታወት። መግቢያው ደረጃ የለውም፤ ከመንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወስድ ሰፊ መወጣጫ ብቻ።
"ሽማግሌውም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለውም፣ ማንም ሳይፈራ እንዲገባ ነው" አለችኝ።
"እኛስ ማዳም?"
"ለሁሉም ነው፣ ያኒ... ማለቴ ላንቺም።"
ለነኢማ ደውዬ ነገርኳት። ከከሚሴ ወደ ሊባኖስ አብረን ነው የመጣነው። እሷ ዳሒዬ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ትምህርት ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። "መታወቂያ አይጠይቁም?" አለች።

ጳጉሜ 3
ለማዳሜ ምሳ ይዤ ሥራው ቦታ ሄድኩ። የላይኛው ፎቅ ገና ፌሮ ብቻ ነው። የምድር ቤቱ ግንብ ግን አልቋል። የመጽሐፍ ማከማቻ ይሆናል አሉ። ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል። ዘበኛው ሱለይማን፣ ሶርያዊ ነው፣ "እዚህ ውስጥ ከተማው አይሰማም" አለኝ። እውነቱን ነው።

መስከረም 13
ቀኑን ሙሉ የአውሮፕላን ድብደባ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ነኢማ ስልክ አታነሳም...

መስከረም 19
ነኢማ ደወለች። አሠሪዎቿ ጥለዋት ወደ ተራራው ሸሽተዋል። መጠለያ ወደሆነ ትምህርት ቤት ሄዳ "ለሊባኖሳውያን ብቻ" ብለው መለሷት። ሁለት ቀን ባሕሩ ዳር አስፋልት ላይ አደረች። ማዳሜን ለመንኳት። ምድር ቤቱ ባዶ ነው አልኳት።
"ፈቃድ የለኝም። አንዷን ካስገባሁ ሁሉም ይመጣሉ።"
"ለሁሉም ነው ብለሽኝ ነበር።"
"ሲያልቅ ነው ያልኩት።"

መስከረም 21
ለሱለይማን ደወልኩ። ለማዳሜ ሳይነግር አስገባት። ካርቶን አንጥፋ ተኛች። ስትደውል ድምጿ ተመልሷል። አልሐምዱሊላህ።

መስከረም 28
ማዳሜ "ጓደኛሽ ደህና ናት?" አለች። አጠያየቋ ለስላሳ ነበር። እዚያ መሆኗን ብትሰማ ታዝንላታለች ብዬ... ነገርኳት። ምን ነካኝ?

መስከረም 29
የምድር ቤቱ በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ሱለይማን ተባሯል። ነኢማ "ወደ አሠሪዎቼ ቤት እመለሳለሁ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው" አለች።
"አትሂጂ። ዳሒዬ በየቀኑ እየተመታ ነው።"
"ታዲያ የት ልሂድ?"
ስልኩን ዘጋች።

ጥቅምት 1
ነኢማ የተመለሰችበት የዳሒዬ ሕንፃ ተመታ።

ጥቅምት 4
ማዳሜ አትወጪም አለችኝ። ሱለይማን ሆስፒታል ሄዶ አስከሬኑን አየልኝ። እሷ ናት። ኢና ሊላሂ... ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ?

ኅዳር 23
ጦርነቱ ከቆመ አምስት ቀን። ሥራው ቀጥሏል። ምድር ቤቱ ሊለሰን ስለሆነ ጥረጊ ብላ ማዳሜ ወሰደችኝ። ካርቶኑ እንደተነጠፈ ነበር። አጥፌ አወጣሁት።
ማዳሜ በሩ ላይ ቆማ "ፓርዶን" አለችኝ። ይቅርታ ማለቷ ነው፤ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ። ካርቶኑን እንደያዝኩ በአጠገቧ አለፍኩ። ድሮ ስትጠራኝ እንኳ እሮጥ ነበር።
ከሰዓት የነኢማ እናት ደወሉ። ከመርዶው ወዲህ ገና ዛሬ ማውራታቸው ነው።
"ልጄ በዚያ ሁሉ ቀን የት ነበረች? ጎዳና ላይ ነው?"
"አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበረች።"
ቀስ ብለው፣ "ታነብ ነበር?" አሉኝ።
"አዎ" አልኳቸው። "ታነብ ነበር።"