መሸጋገሪያ ያልሽኝ ፓምፕ

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ታቃስቻለሽ ወይስ ያ ቅባት ረዳሽ? ተቆጥቼም ቢሆን ጤንነትሽን ሳልጠይቅ ሌላ ወሬ አልጀምርም፤ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፣ እንዲህ አድርገሽ ነው ያሳደግሽኝ። እኔ አለሁ። በደከመው ልቤ ፈንታ ደሜን የሚገፋው ፓምፕ ይዞራል፣ ባትሪዎቹ ወገቤ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ አረንጓዴው መብራት በርቷል። መብራቱን ብታዪው "ይሄ ሰውዬ ምን ጎደለበት?" ትያለሽ።

ከቤቴ ካስወጣሁሽ ሦስት ሳምንት ሆነ። ያን ቀን ስጮህ በወጉ አልነገርኩሽም፤ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልንገርሽ።

ሁልጊዜ ሆስፒታል አብረን ነበር የምንሄደው። ያን ማክሰኞ ግን ጉንፋን ይዞሽ ብቻዬን ሄድኩ። አዲሷ ነርስ የፓምፑን ፍጥነት አይታ ደህና እየሠራ ነው አለችኝ። እኔም እንደ ቀልድ፣ ለመሆኑ ልብ ለመቀየር ስንተኛ ወረፋ ላይ ደረስኩ አልኳት። ፋይሉን ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች፣ ከዚያ "እርስዎ እኮ ወረፋ ውስጥ የሉም፤ ሳንባዎ የልብ ቅየራውን አይችልም ተብሎ ከመጀመሪያውም አልተመዘገቡም። ፓምፑ ቋሚ ነው" አለች። ተሳስተሻል፣ መሸጋገሪያ ነው ብዬ ሞገትኳት። ምስኪን፣ ግራ ገብቷት የፈረምኩበትን ወረቀት አወጣችልኝ። "ቋሚ" ይላል። ከሥሩ የእኔው ፊርማ!

እትዬ፣ ያን ወረቀት ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ፊደሉ እየተደባለቀብኝ፣ አንቺ ጣትሽን ከቃሉ ሥር እያስኬድሽ "መሸጋገሪያ፣ ልብ እስኪገኝ ድረስ" ብለሽ አነበብሽልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የየሕንጻውን የውኃ ፓምፕ ስጠግን፣ አንድም ባለቤት "ትናንት ደህና ነበር" ሲለኝ አምኜው አላውቅም፤ ፈትቼ ነው የማየው። አንቺን ግን አመንኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው። ለካ ሐኪሙንም "ተስፋውን አይቁረጡበት፣ እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ" ብለሽ አፉን አዘግተሽዋል። ቀስ ማለት ዓመት ከአራት ወር ነው እንዴ?

ውሸቱስ ይሁን። አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የሰው ሞት ስጠብቅ አኖርሽኝ! ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ፣ አምቡላንስ ባለፈ ቁጥር ወደ መስኮት። የጎረቤታችን የጫማ ሠሪው ሚስት መኪና ገጭቷት የሞተች ጊዜ፣ ለቅሶ ቤት ባልየው አጠገብ ተቀምጬ የደም ዓይነቷ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ጠየቅኩት እኮ! እሱ ምን ያውቃል፣ "ኦ ነበር" ብሎ እንባውን ጠረገ። እንደኔ! ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። አንቺ በጎኔ ነበርሽ፣ ሰምተሻል፤ ክንዴን ቆንጠጥ አደረግሽኝ። ያኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ያን ሰውዬ መንገድ ላይ ሳየው ዛሬም በሌላ በኩል ነው የማልፈው።

እውነቱን ብትነግሪኝ እምቢ እል ነበር። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ታስሬ ከምኖር ልሙት ብዬ ምዬ ነበር፤ ታውቂያለሽ። እምቢ ብል ደግሞ ያን ክረምት አልወጣም ነበር። እሱንም አውቃለሁ። እንዲያውም ይበልጥ የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ተበድዬ እንኳ አፌን ሞልቼ እንዳልወቅስሽ አደረግሽኝ። ግን እትዬ፣ እምቢታው የእኔ ነበር። አንቺ ወሰድሽብኝ።

ይቅርታ አላደረግሁልሽም። ይህን እንድታውቂ ነው የጻፍኩት።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። የፓምፑ ገመድ ከሆዴ የሚወጣበትን ቀዳዳ ፋሻ ራሴ በመስታወት እያየሁ እቀይራለሁ። አንቺ ስትሠሪው ቀላል ይመስል ነበር፤ ለካ ሦስት እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። ዙሪያው ትንሽ ቀላ ብሏል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ደግሞ ፈሳሽ ያዣል፣ ብርድ ብርድም ይለኛል፤ አየሩ ይሆናል። ቁስሉ ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው፣ ቢቀላ በዚያው ቀን ይደውሉ ብለውኝ ነበር ሐኪሞቹ። አልደወልኩም። ማነው ቁስልዎን የሚያጥብልዎ ቢሉኝ ምን ልበላቸው?

በይ እንግዲህ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፣ ከየትኛው ልብ እንዳትዪኝ ብቻ።

መልስ አትጻፊልኝ። ይህን ያመጣልሽ ባለታክሲ ግን ደጅ ቆሞ ይጠብቅሻል።

ታናሽ ወንድምሽ